ለቆርቆሮ ወርክሾፕ የትኛው ሂተር ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ 5 በ6 ሜትር የሆነች የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አለችኝ። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እጃችን ይደነዝዛል፣ ኮላም አይይዝልንም። ባለፈው ወር ሁለት ጠረጴዛ ተመልሶብኛል። እስካሁን ከሰል አቀጣጥለን ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። ረዳቴን ጠዋት ጠዋት ራሱን እያመመው (ብርድ መትቶት ይመስለናል) ስለተቸገርን አሁን 2000 ዋት የኤሌክትሪክ ሂተር ልገዛ ነው። አንዱ የዘይቱ መብራት አይበላም ይለኛል፣ ሌላው ነፋስ የሚያወጣው ቶሎ ያሞቃል ይላል። ያለኝ ሶኬት ሰርኩላሩ (የእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን) የሚሰካበት አንዱ ብቻ ስለሆነ በዲቫይደር እሰካዋለሁ። የቱን ልግዛ?»

ከሂተሩ በፊት የረዳትህ ነገር ይቅደም። ብርድ የመታው አይመስለኝም። ከሰሉ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚጣበቀው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ብዙ ሰው «ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ አይጎዳም» ይላል። ስህተት ነው። የሚታየው ጭስ ቢጠፋም ጋዙ አልጠፋም፣ ፍሙም እስኪከስም ድረስ ያወጣል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ ነው፣ ስለዚህ ሰውነት ቶሎ ይጎዳል። ሂተር ገዛህም አልገዛህም ከሰሉን ከዛሬ ጀምረህ አውጣው። ረዳትህ ከሰል በሌለበት ቀን ራስ ምታቱ ከተወው ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው፤ ካልተወው ግን ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። «የቱን ልግዛ» ከማለትህ በፊት 2000 ዋት ለዚያች ቤት ምን ያደርግላታል የሚለውን እንይ፣ ምክንያቱም የትኛውንም ብትገዛ መልሱ አንድ ነው።

ቆርቆሮ ሙቀት አይዝም። ነፋስና ዝናብ ይከልላል እንጂ ሙቀትን በተመለከተ ግድግዳ አለ ለማለት ይከብዳል። በግምት አንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በውስጥና በውጭ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ልዩነት ከ6 እስከ 7 ዋት ያስወጣል። ያንተ ቤት ከፍታው 3 ሜትር ነው ብንል ግድግዳው 66 ካሬ፣ ጣሪያው 30 ካሬ፣ በድምሩ 96 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ውስጡን በ1 ዲግሪ ብቻ ከውጭ ለማስበለጥ ወደ 600 ዋት ይፈጃል፤ ይህም በበሩ ስርና በግድግዳውና በጣሪያው መሃል ባለው ክፍተት የሚገባውን ነፋስ ሳንቆጥር ነው። 2000 ዋቱን ለ600 አካፍለው። 3 ዲግሪ ቢያስጨምርልህ ነው። ጠዋት ውጭው 4 ዲግሪ ከሆነ አንተ 7 ዲግሪ ውስጥ ትሠራለህ ማለት ነው። ኮላህ አሁንም አይይዝም፣ እጅህም አሁንም ይደነዝዛል፣ ቆጣሪው ግን ይሮጣል።

«እንግዲያው ሦስት አራት ሂተር ልግዛ» እንዳትለኝ። ቤቱን 16 ዲግሪ ለማድረስ ቢያንስ ከ7000 እስከ 8000 ዋት ያስፈልጋል። 8000 ዋት በ220 ቮልት ከ36 አምፒር በላይ ነው፣ ሰርኩላሩ ገና ሳይነሳ። ለዚያ ሁሉ መስመር ከምታወጣው ገንዘብ ትንሹን ለፎምና ለኮምፔንሳቶ ብታውለው ይሻልሃል። ዝርዝሩን ወደ ታች አመጣዋለሁ።

ስለ ዓይነቱ የተነገረህን ላስተካክል። «የዘይቱ መብራት አይበላም» የሚባለው እውነት አይደለም። 2000 ዋት የሚል የተጻፈበት ሂተር ዘይት ይኑረው፣ ነፋስ ይኑረው፣ ቀይ ሽቦ ይኑረው፣ ሙሉ ኃይል ላይ አንድ ሰዓት ከሠራ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፣ የሚሰጠው ሙቀትም ያው 2 ኪሎዋት ነው። የዘይቱ ቆጥቦ የሚመስለው ቤቱ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ስለሚያጠፋው ነው። ያንተ ቤት ግን የሚፈለገው ሙቀት ላይ ስለማይደርስ ቴርሞስታቱ የማጥፋት ዕድል አያገኝም፣ ቀኑን ሙሉ እንደበራ ይውላል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 16 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ26 የሥራ ቀን 416 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህን በቢልህ ላይ ባለው ዋጋ አባዛው። ቆጣሪህ በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ከሆነ ደግሞ ፍጆታህ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እንደሚል አትርሳ።

ልዩነቱ ያለው ሙቀቱ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው፣ ለእንጨት ሥራ ቤት ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነፋስ የሚያወጣው አየሩን ከነአቧራው ስቦ በጋለ ሽቦ ላይ ያሳልፋል። ሰጋቱራው በሚቦንበት ቤት ያ ማለት ምን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ቀይ ሽቦው ወይም ቀይ ቱቦው ያለው ከአየሩ ይልቅ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ስለሚያሞቅ ለሌላ ሥራ ጥሩ ነው፣ ለብረት ሥራ ወይም ለጋራዥ ጥግ ልመክረውም እችላለሁ፤ ነገር ግን ብረት ቀልቶ የሚታየው ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው፣ ያ ነገር ፍርፋሪና ቲነር ባለበት ቤት ውስጥ አይገባም። የእንጀራ ምጣድ ወይም የወጥ ምድጃ ገልብጠው ለሙቀት የሚጠቀሙም አይቻለሁ። እሱን በጭራሽ። ለእንጨት ሥራ የሚሆነው የዘይቱ ብቻ ነው። ሽቦው ዘይት ውስጥ ታሽጓል፣ ላዩ እጅ ያቃጥላል እንጂ አይቀላም፣ አየር አይነፋም። ሲገዛ ቴርሞስታት ያለው፣ ቢያንስ ሁለት የኃይል ደረጃ ያለው፣ ሲወድቅ ራሱ የሚጠፋ ይሁን።

አሁን ዲቫይደሩ። በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። 2000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት ወደ 9 አምፒር ይስባል። ባለ 3 ፈረስ ጉልበት ሰርኩላር ሥራ ላይ ከ13 እስከ 15 አምፒር ይስባል፣ ሲነሳ ደግሞ ለአፍታ የዚያን ብዙ እጥፍ። ሁለቱን በአንድ 16 አምፒር ሶኬት ላይ ስታደርግ ከ22 አምፒር በላይ ሆነ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ዲቫይደር ደግሞ ውስጡ ያለው ገመድ ቀጭን ነው፣ የስፒናውን እግር የሚይዘው ብረትም ስስ ነው። ሰርኩላር ለደቂቃዎች ሠርቶ ያርፋል፤ ሂተር ግን ለሰዓታት ሳያርፍ ይስባል። ዲቫይደርን የሚያቀልጠው ይህ ሳያርፍ መሳቡ ነው።

አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ያየሁትን ልንገርህ። ባለቤቱ የጠራኝ ብሬከሩ እየወረደ ስላስቸገረው ነው። ስገባ የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ ነበር። ሽታውን ተከትዬ ስሄድ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ዲቫይደር አገኘሁ፣ ግማሹ ሰጋቱራ ውስጥ ተቀብሯል። ነጩ ፕላስቲክ በአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል፣ ስፒናውን ልነቅል ስል የቀለጠው ፕላስቲክ አብሮ ተጎተተ። ሰጋቱራው በዚያ በኩል ጠቁሮ ነበር፣ ገና አልተያያዘም። ባለቤቱ ብሬከሩን «ደካማ ነው» ብሎ በ32 አምፒር ሊያስቀይረው ተዘጋጅቶ ነው የደረስኩት። ብሬከሩ ግን ሥራውን እየሠራ ነበር። ቀጭን ገመድ ላይ ትልቅ ብሬከር ስታስገባ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ገመዱ ነው፣ እሱም ግድግዳህ ውስጥ ነው ያለው። የሚወርድ ብሬከር ካለህ ምክንያቱን አስፈልግ እንጂ አታሳድገው።

ስለዚህ ሂተሩ የራሱ መስመር ይኑረው። ከማከፋፈያ ሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ 16 አምፒር ብሬከር፣ ደህና ሶኬት፣ ኤርዙ በትክክል የተሠራ። ከቻልክ 30 ሚሊ አምፒር ኤርዝ ሊኬጅ ብሬከር (መብራት ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚያጠፋ) ጨምርበት። ይህን በሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን አሠራ፣ ዋናው መስመርህና ቆጣሪህ ጭማሪውን መቻል አለመቻሉንም በዚያው ይይልህ። ከተሠራ በኋላ ሂተሩን ለአንድ ሰዓት ሙሉ ኃይል ላይ አብራና ስፒናውን በእጅህ ዳብሰው። ለብ ቢል ችግር የለውም፤ እጅህን ካቃጠለህ ግን አጥፋውና ሶኬቱ ይፈተሽ።

አንድ ሌላ የምሰማው ስጋት አለ፣ መብራቱ ሲደክም ሂተሩ ይቃጠላል የሚል። አይቃጠልም። ቮልቴጁ 180 ቢወርድ 2000 ዋት ሂተርህ ወደ 1340 ዋት ዝቅ ይላል፣ ያነሰ ያሞቃል፣ በቃ። ለሂተር ስታቢላይዘር አትግዛ። በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚጎዳው የሰርኩላርህ ሞተር ነው፤ እየጮኸ መነሳት ካቃተው አጥፋው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? ቤቱን አታሙቅ። እንጨቱንና ኮላውን አሙቅ። ኮላ የሚይዘው በአየሩ ሙቀት አይደለም፣ በእንጨቱ ሙቀት ነው። ነጩ የእንጨት ኮላ ውኃ ያለበት ነው፤ ውኃው ሲወጣ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የኮላ ፍሬዎች እርስ በርስ ተዋህደው አንድ ወጥ ገለፈት መሆን አለባቸው። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን አብዛኛው ኮላ ይህን ማድረግ ያቅተዋል፣ ዝቅተኛው ሙቀት ባልዲው ላይ ተጽፏል፣ አንብበው። የተመለሱብህ ጠረጴዛዎች ካሉ የተላቀቀውን መገጣጠሚያ ተመልከት። ኮላው እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ በጥፍር ሲፈቀፈቅ የሚበንን ከሆነ ብርድ ነው የገደለው። አንጸባራቂ ገለፈት ሆኖ ከአንዱ ወገን ብቻ የተላጠ ከሆነ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው፦ ወይ በደንብ አልታሰረም፣ ወይ እንጨቱ ርጥብ ነበር። ርጥብ ባሕር ዛፍን ሂተር አያድነውም፣ እንዲያውም በአንድ ወገን አድርቆ ይሰነጥቀዋል።

ከወርክሾፑ ጥግ ላይ 2.5 በ3 ሜትር የሆነች፣ ከፍታዋ 2.2 ሜትር የሆነች ትንሽ ክፍል ሥራ። አንተ አናጢ ነህ፣ የሁለት ቀን ሥራ ናት። ፍሬሙን በሞራሌ አቁም፣ መሃሉ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም አስገባ፣ በሁለቱም ወገን በኮምፔንሳቶ ወይም በቺፕውድ ዝጋ። ጣሪያዋንም እንደዚያው። በሯ በዙሪያዋ ጎማ ይኑራት፣ ስሯም ይዘጋ። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ሳንቃ አንጥፍበት። እንዲህ ያለች ክፍል ለ1 ዲግሪ ልዩነት የምትፈልገው ከ30 እስከ 40 ዋት ቢሆን ነው። በትልቁ ቤት 2000 ዋት ፈጅቶ 3 ዲግሪ ብቻ ይጨምርልህ የነበረው ሂተር፣ እዚህ 15 ዲግሪ ለመጨመር 600 ዋት ይበቃዋል። ስለዚህ 1000 ወይም 1500 ዋት የዘይት ሂተር ግዛ፣ 2000 አያስፈልግህም። ክፍሏ ከሞቀች በኋላ ቴርሞስታቱ ማጥፋትና ማብራት ይጀምራል፤ ቆጣቢነቱን የምታየው ያኔ ነው።

ፎሙን በሚመለከት አንድ ነገር ላጥብቅ። ፎም ሙቀት ይይዛል፣ እሳት ከነካው ግን በፍጥነት ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ራቁቱን እንዳይታይ፣ ሁሉም ቦታ በሰሌዳ ይሸፈን። ሂተሩ ባለበት ጥግ ላይ ደግሞ ጂፕሰም ብታደርግበት እመርጣለሁ። ሂተሩ ከማንኛውም ነገር፣ ከግድግዳም ከእንጨትም፣ አንድ ሜትር ይራቅ፣ ላዩ ላይ ፎጣም ጓንትም አይሰጣ። ትልቁን ቤት በማዳበሪያ ኮርኒስ ለማሞቅ አስበህ ከሆነ ደግሞ ተወው፣ በዚያ ላይ የሰጋቱራ አቧራ ይጠራቀምበታል፣ ከተያያዘ አይቆምም።

አዋዋሉ እንዲህ ይሁን። ጠዋት 2 ሰዓት ስትገባ በቀኑ የምታጣብቀውን እንጨትና የኮላውን ባልዲ ክፍሏ ውስጥ አስገባና ሂተሩን አብራ። ሰሌዳዎቹን እርስ በርስ አትደርድር፣ በመሃላቸው ቀጭን እንጨት አድርግ፣ አየር ይዙራቸው። 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት እስከ 6 ሰዓት ውስጡ ድረስ ይሞቃል። ጠዋቱን ደግሞ መቁረጥና ማላግ ላይ ዋል፣ ሰውነት ስለሚንቀሳቀስ ብርዱም ይቀላል። ከምሳ በኋላ ኮላ ቀባ፣ በሞርሳ እሰር፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ተወው። ማታ 12 ሰዓት ስትወጣ ይዟል፤ ሂተሩን ከሶኬቱ ነቅለህ ሂድ። ሌሊት ቢበርደውም የያዘ ኮላ አይላቀቅም። ሰው በሌለበት ሌሊቱን ሙሉ ሂተር አብርቶ መሄድን አልመክርም፣ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ኮላውን ግን ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ አታሳድረው፣ ቤትህ ይዘኸው ሂድ። ውርጭ የመታው ኮላ ይቋጥራል፤ በእንጨት ስታማስለው እንደ እርጎ ከተቆራረጠ ጣለው፣ ጠረጴዛ ተመልሶብህ ከምትከስረው ባልዲው ይቀላል።

ገንዘቡ አሁን ካልደረሰልህ ደግሞ ክፍሏ እስክትሠራ ፀሐይን ተጠቀም። እናንተ ጋ በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። እንጨቱን ደጅ አውጥተህ አሙቀው፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ አጣብቅ። ጠዋት ቀዝቃዛ እንጨት ላይ ኮላ መቀባትን ግን አቁም። ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውኃ የሥራ ጠረጴዛህ ላይ እንዳያርፍም ላስቲክ ወጥርበት፣ ሌሊት ጣሪያው ከአየሩ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ከውስጥ ላብ ያወጣል።

ቲነር ያለበት ነገር ወደዚያች ሙቅ ክፍል አይግባ። ቫርኒሽ የተቀባ ወንበር «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ ሂተር አጠገብ ማስቀመጥ እሳት መጥራት ነው። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ የሂተሩ ቴርሞስታት ሲበራና ሲጠፋ ደግሞ ትንሽ ብልጭታ ይፈጥራል። በዝግ ትንሽ ክፍል ውስጥ ያቺ ብልጭታ በቂ ናት። ቀለምና ቫርኒሽ በቀትር፣ በር ተከፍቶ፣ ሂተሩ ተነቅሎ ይሠራ፤ ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ዕቃው ወደ ክፍሏ አይመለስ። ክፍሏ ውስጥ ሰንደርም አይነሳ። ሂተሩን በየቀኑ ከማብራትህ በፊት በጨርቅ አቧራውን ጥረገው።

የቀረው የእጃችሁ ጉዳይ ነው። ልክና ምልክት፣ መሮ፣ ማጣበቅ፣ እነዚህ ጣት የሚፈልጉ ሥራዎች ወደ ሙቋ ክፍል ይግቡ። ትልቁ ቤት ውስጥ ለምትቆሙበት ቦታ የሳንቃ መርገጫ ሥሩ፣ ብርዱ ከሲሚንቶው በእግር ነው የሚገባው። ሰርኩላሩ ላይ ግን ጓንት አድርጎ፣ ጋቢ ወይም ስካርፍ ደርቦ የሚቆም ሰው እንዳይኖር። የሚሽከረከር ምላጭ የጓንት ጫፍ ከያዘ እጅን ይዞ ነው የሚገባው፣ ለመንቀል ጊዜ አይሰጥም። ጠባብ ሹራብ ከቱታ ሥር ይልበስ። ጣቱ ከደነዘዘ ደግሞ ሙቋ ክፍል ገብቶ እስኪፈታ ይቆይና ይመለስ፣ ረዳትህንም እንዲሁ አድርግ ብለህ ንገረው፣ ሥራ አስፈታኸኝ ብለህ እንደማትቆጣው ይወቅ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከሰሉ ዛሬ ይውጣ፣ በዚህ ሳምንት መስመሩ ይዘርጋ፣ ቀጥሎ ክፍሏ ትሠራ፣ ሂተሩ በመጨረሻ ይገዛ። ሂተሩን አስቀድመህ ከገዛኸው ዲቫይደሩ ላይ መሰካትህ አይቀርም።